የጋሽ ጥላዬ ማኪና

ባለፈው የእድራችን ስብሰባ ላይ አዲስ የተመረጠው ጸሐፊ፣ ምንም የማይወጣለት ጨዋ ልጅ ነው፣ በመጋዘኑ ያለውን ዕቃ አንድ በአንድ ሲያነብልን ቆየና «አንድ አሮጌ ቃሬዛም አለ» አለ። «አስከሬን በማኪና ማጓጓዝ ከጀመርን ወዲህ ማንም አልነካውም። ዝም ብሎ ቦታ ይዟል፤ ለማገዶ ቢሰጥስ?»

እኔ ስብሰባ ላይ አልናገርም። በደርግ ጊዜ የተሰበሰብኩት ለዕድሜ ልኬ ይበቃኛል። ያን ቀን ግን ከወንበሬ እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። «ማገዶ? የጋሽ ጥላዬን ማኪና ነው ማገዶ የምትለው?» ብዬ ጮኽኩ። ወጣቶቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ሽማግሌው ለየለት ብለው ይሆናል። ከኋላ የተቀመጡት የእኔ ዘመን ሰዎች ግን መሳቅ ጀመሩ። ሳቃቸው ሳያልቅ አንዷ የነጠላዋን ጫፍ ወደ ዓይኗ ስትወስድ አየሁ።

ስብሰባው ሲበተን ልጁ ተከተለኝና «አባባ፣ ይቅርታ፣ ጋሽ ጥላዬ ማን ናቸው?» አለኝ።

«አንቱ አትበለው፣ ይቆጣል» አልኩት። ከሞተ ስንት ዘመኑ! እኔ ግን አሁንም የሚሰማ ይመስለኛል።

ጋሽ ጥላዬ ጎረቤቴ ነበር። ከአዲሱ ገበያ በላይ፣ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ፣ ቤታችን አንድ የጭቃ ግድግዳ ይጋራ ነበር። እሱ ሲያስነጥስ «ይማርህ» የምለው ከእኔ ቤት ሆኜ ነው። የጭነት ማኪና ሾፌር ነበር። ከቆላ ጥጥ ጭኖ እኔ ለምሠራበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያመጣል። ወደ ሰፈር ሲመለስ ከታች አስፋልቱ ላይ ክላክሱን ሲያስጮኸው ሚስቱ እትዬ አበበች ወጡን ትጥዳለች፤ ዳገቱን ወጥቶ እስኪደርስ ይሞቃል።

ያንን ሁሉ ገደል በማኪና ሲወጣና ሲወርድ አንድ ቀን ሳይጋጭ ኖሮ፣ የቆመች ማኪና ጣለችው። ፋብሪካው ግቢ ውስጥ ማኪናው ላይ በተጫነው ጥጥ ላይ ወጥቶ ሸራውን ሲፈታ ገመዱ ተበጠሰና በጀርባው ወደቀ። ወገቡ ተሰበረ። ከወገቡ በታች ያለው አካሉ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አልታዘዘውም። «ገደል ያልደፈረኝን ሰውዬ ጥጥ ሰበረኝ» ይል ነበር። ይህን ሲል ካልሳቅህለት ይቀየምሃል።

ሆስፒታል ብዙ ወራት ተኝቶ ወጣ። መራመድ እንደማይችል የነገረን እሱ ራሱ ነው፤ እትዬ አበበችማ አፏ አልፈታ አላት። ኑሮው ሌላ ኑሮ ሆነ። ሽንቱ በላስቲክ ቱቦ ወደ ጠርሙስ ይወርዳል። አንድ ጎን ላይ ብዙ ከተኛ ገላው ይቆስላል፤ ስሜት ስለሌለው ደግሞ መቁሰሉን አያውቅም። ስለዚህ ከአሮጌ ማኪና የተነቀለ የጎን መስታወት፣ ስፖኪዮ፣ አስመጣና ጠዋት ጠዋት ጀርባውንና ተረከዙን በእሱ ይመረምራል። «ሾፌር ሳይነሳ በፊት ጎማውን ያያል» ይላል። ምርመራው ሲያልቅ ስፖኪዮውን መስኮቱ ላይ ያስርና እዚያው አልጋው ላይ ሆኖ መንገዱን እስከ አስፋልቱ ድረስ ቁልቁል ያያል። ታዲያ ዝም አይልም። «አንቺ ትርንጎ፣ የጫማሽ ማሰሪያ ተፈቷል፣ ትወድቂያለሽ! መውደቅ ከእኔ ተማሪ!» ብሎ ይጮኻል። መጀመሪያ ሰው ይደነግጥ ነበር፤ በኋላ ሁላችንም በመስኮቱ ስናልፍ ወደ መስታወቱ እጃችንን ማንሳት ለመድን።

ተሽከርካሪ ወንበርም ከበጎ አድራጊዎች አግኝቶ ነበር። ጥሩ ወንበር ነው፣ ለሜዳ አገር። የእኛ መንገድ ድንጋይና ጭቃ ነው፤ ገና ከደጃፉ ሳይርቅ ጎማው ይቀረቀራል። ስለዚህ ወንበሩ ከአልጋው እስከ በሩ ድረስ ብቻ የሚሄድ ወንበር ሆነ።

ሰው ግን አልተለየውም። ክፋት የለብንም፤ በሽተኛ መጠየቅ እናውቅበታለን። ቅዳሜና እሑድ ቤቱ ይሞላል፣ ሁሉም ብርቱካን ይዞ ይመጣል፣ ሁሉም ራሱን እየነቀነቀ «እግዜር ይማርህ» ይላል። ጋሽ ጥላዬ ብርቱካን ጠላ። «ምን አድርጌያችሁ ነው ብርቱካን የሚበላ ሰው ያደረጋችሁኝ?» ይላል። የመጣለትን ብርቱካን ሰብስቦ ሰፈር ውስጥ ለታመመ ሌላ ሰው መጠየቂያ ይልከዋል። አንዳንዴ ያው ብርቱካን ሰፈሩን ዞሮ ተመልሶ እሱ ዘንድ ይመጣ ነበር፤ ያን ጊዜ በሳቅ ይሞታል። ደግሞ ከወደቀ ወዲህ አንዳንዱ አንቱ ይለው ጀመር። እኔም አንድ ቀን አፌን አዳልጦኝ አንቱ ብለው «ግርማ፣ አንቱ የሚባለው ሽማግሌና በሽተኛ ነው። እኔ የትኛው ነኝ?» አለኝ። ሁለተኛ አልደገምኩም።

የእድራችን ዳኛ ጋሽ ወልዴ ነበር፤ ቁም ነገረኛ፣ ሥርዓት አክባሪ ሰው። በእድሩ ደንብ ወንድ አባል ሁሉ ድንኳን ይተክላል፣ አስከሬን ይሸከማል፣ ከሐዘንተኛ ጋር ይቀመጣል። ያለ ምክንያት የቀረ ይቀጣል። ታዲያ እኛ በቅንነት ተሰብስበን ጋሽ ጥላዬን ከግዴታ ሁሉ ነፃ አወጣነው። ጋሽ ወልዴ ይህንኑ ሊያበስረው ብርቱካን ይዞ ሄደ፤ እኔም አብሬው ነበርኩ።

«እንግዲህ አታስብ» አለው ጋሽ ወልዴ። «ከዛሬ ጀምሮ ነፃ ነህ።»

«ከምን?»

«እ... ከድንኳኑ፣ ከሸክሙ፣ ለቅሶ ቤት ከመቀመጡ...»

«ከሰው በለኛ!» ጋሽ ጥላዬ በክርኖቹ ተደግፎ ቀና አለ። «ስማኝ ወልዴ። ቀበሌው ከስብሰባ ነፃ ሲያወጣኝ እሰየው ብዬ ተቀብያለሁ። እሱን ጤነኛ ሁሉ የሚመኘው ነው። ለቅሶ ግን ሌላ ነው። እኔ ሰው ቤት ካልደረስኩ፣ ስሞት ማን ይደርስልኛል? እናንተማ ትመጣላችሁ። ግን ለነፍሳችሁ ብላችሁ ነው የምትመጡት። እኔ የምፈልገው ብድሬን ልትመልሱ እንድትመጡ ነው።»

ጋሽ ወልዴ ብርቱካኑን አስቀምጦ ተነሳ። ስንወጣ «ሕመሙ ነው የሚያናግረው» አለኝ። እኔም አዎ አልኩ። ገብቶኝ አልነበረም።

ብርቱካን ሳይዝ የሚመጣ አንድ ሰው ብቻ ነበር፦ ጋሽ ከድር፣ ከታች አስፋልቱ ዳር ያለው ባለ ሱቅ። ማታ ማታ ሱቁን ዘግቶ፣ እያለከለከ ዳገቱን ይወጣና አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ይላል። ዕቃ ጠፋ፣ የቀበሌ ሱቅ ደንበኛዬን ወሰደብኝ፣ ጉልበቴን አመመኝ እያለ የራሱን ብሶት ያወርድበታል። «እግዜር ይማርህ» ሲል ሰምቼው አላውቅም። ከዚያ በለስላሳ ቆርኪ ዳማ ይጫወታሉ። ጋሽ ከድር ያጭበረብር ነበር። በሽተኛ ነው ብሎ አንድ ቀን እንኳ አልተሸነፈለትም። ሲጨቃጨቁ ግድግዳው ይርገበገባል፤ እኔ ከወዲያ ሆኜ እንቅልፍ አጣለሁ፣ ግን ደግሞ ሳይመጣ ከቀረ ጸጥታው አይጥመኝም ነበር።

አንድ ጠዋት ጋሽ ከድር ከእንቅልፉ ሳይነቃ ቀረ።

እኛ አገር ለበሽተኛ መርዶ አይነገርም። ይህን ማንም ስብሰባ ተቀምጦ አይወስነውም፣ ሁሉም ያውቀዋል። ጋሽ ወልዴ «ለጥላዬ እንዳይነገር፣ ልቡ ይሰነጠቃል» አለ፤ እትዬ አበበችም እያለቀሰች ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። እኔ ያን ሳምንት የማታ ተረኛ ስለነበርኩ ቀን ሥራ አልገባም። ስለዚህ እኔ ተመረጥኩ። ሥራዬ ሰዉ ቀብሮ እስኪመለስ ድረስ ጋሽ ጥላዬን ማጫወትና ስፖኪዮውን መጋረድ ነው። ከሰፈሩ ሰው ሁሉ መዋሸት የማልችለውን መርጠው!

«ምነው በጠዋቱ?» አለኝ ስገባ።

«እንዲሁ... ማለቴ፣ ዳማ እንድንጫወት ብዬ።»

«አንተ? ቆርኪው በየት በኩል እንደሚገፋ የማታውቀው?» አለና አንገቱን ወደ መስኮቱ አሰገገ። «ከመስታወቴ ላይ ዞር በል።»

«ብርድ ይገባል ብዬ እኮ ነው።»

«ግርማ፣ ሱቁ ለምን አልተከፈተም?»

«የማን ሱቅ?»

«ከድር በዚህ ሰዓት ደጃፉን ውሃ ይረጫል። ሴቶቹ ደግሞ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቁልቁል ሲወርዱ አይቻለሁ። ሰርግ ነው እንዳትለኝ።»

ከመስታወቱ ላይ ዞር አልኩ፤ ወለሉን አየሁ።

«ሞተ?»

«ሞተ» አልኩ።

አልጮኸም። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ቆየ። ከዚያ እጁን አወረደና «አበቡ!» ብሎ ተጣራ። እትዬ አበበች ከጓዳ ወጣች፤ ፊቷን አይቶ እሷም ታውቅ እንደነበር ገባው።

«አንቺም?» አላት።

«ልብህ እንዳይሰበር ብዬ ነው፣ ጥልዬ።»

«ወገቤ ነው የተሰበረው! ልቤ ጤነኛ ነው፣ ማዘን ይችላል!» አለ። እንዲህ ሲቆጣ አይቼው አላውቅም። «ጋቢዬን አምጪ። እነሱ ዘንድ አስከሬን አይቆይም፣ አሁኑኑ ነው የሚያወጡት። ያ ሰውዬ ይህን ዳገት ለእኔ ሲል ስንት ጊዜ ወጥቷል! እኔ አንድ ቀን ልወርድለት አልችልም?»

እንዴት ይውረድ? ሰው ጀርባ ላይ ቢታዘል ወገቡ አይችልም። ወንበሩ ደጃፉን አያልፍም። እኔ ይህን ሳሰላስል እሱ አስቀድሞ ጨርሶታል።

«የእድሩን ቃሬዛ አምጡልኝ» አለ።

እትዬ አበበች ኡኡ አለች። «ባሌን በቁሙ ቃሬዛ ላይ? ሟርት! አይሆንም!» መጋዘኑ ቅርብ ነበርና የቁልፉ ባለቤት ጋሽ ወልዴ ጩኸቷን ሰምቶ መጣ። ነገሩን ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ጥላዬ፣ ነውር ነው። የሙታን ዕቃ ነው።»

«ከድርን የሚወስደው የመስጊዱ ቃሬዛ ነው። የእኛው ሥራ ፈቶ ተቀምጧል።»

«እሱን ማለቴ አይደለም...»

«አውቃለሁ ያልከውን።» ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞረ። «አንቺ ደግሞ አታልቅሺ። ለስኳር ወረፋ፣ ለዘይት ወረፋ ስንይዝ ኖረን፣ ለዚህኛው ቀደም ብዬ ብይዝ ምን አለበት?»

እትዬ አበበች እያለቀሰች ሳቋ አመለጣት። ከዚያ ወዲህ መከልከል አልቻለችም። ጋሽ ወልዴ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ፣ «የሚጠይቀኝ እግዜር ነው» አለና ሄዶ ቃሬዛውን ራሱ አመጣው። ሁለት ጎረምሶች ጠራን። በፊት እኔና ጋሽ ወልዴ፣ በኋላ እነሱ ሆነን፣ ጋሽ ጥላዬን ትራስ አስደግፈን፣ ጠርሙሱን ከጋቢው ሥር አድርገን አነሳነው። ጌታዬ፣ ከባድ ሰው ነበር!

እኛ ሰው በቃሬዛ ቁልቁል ስንወስድ የምናውቀው ዝም ያለ ሰው ነው። ይኼኛው ዝም አይልም። «ቀስ! ማርሽ ቀንሱ! ቁልቁለት በሦስተኛ አይወረድም!» እያለ ይነዳናል። ቦኖው ጋ፣ መንገዱ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ፣ ከመሬት የወጣ ትልቅ ድንጋይ ነበር። እዚያ ስንደርስ «ፍሬን!» ብሎ አስቆመን። «ቀኝ ዝቅ። ግራ ከፍ። እንደሱ። አሁን አንደኛ ማርሽ!» እያለ በድንጋዩ ዙሪያ አሳለፈን።

ድንጋዩን እንዳለፍን አንድ የአብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን አንግቦ ፊታችን ተደቀነ። የዚያን ጊዜ ጠመንጃ የያዘ ሰው ሲጠይቅህ ትንሽ ነገር አይደለም።

«ቁሙ! ማነው የሞተው?»

«እኔ ነኝ፣ ጓድ» አለ ጋሽ ጥላዬ ከቃሬዛው ላይ።

ሰውዬው ወደ ኋላ አፈገፈገ። «ምን ቀልድ ነው? ሕያው ሰው ቃሬዛ ላይ ጭኖ መሰለፍ በማን ፈቃድ ነው?»

«ጓድ፣ እግሬ ቀድሞኝ ዐርፏል። የቀረነው ለቅሶ ልንደርስ ነው። የከድር ለቅሶ።»

ሰውዬው የጋሽ ከድርን ስም ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። ያልከፈለው ሲጋራ ያጨሰበት ሱቅ ነው፣ የእኛ ሰፈር ልጅ ነው እሱም። ጥቂት ቆመ፣ የጋሽ ወልዴን ላብ አየ፣ ከዚያ ጠመንጃውን በጀርባው አዙሮ «ዞር ይበሉ አባቴ፣ ልያዝልዎት» አለና እንጨቱን ተቀበለው።

ለቅሶው ቤት ያሉ ሴቶች ሌላ ቃሬዛ ሲመጣ ሲያዩ «ሌላ ሰው ደግሞ!» ብለው እሪታቸውን አቀለጡት። ጋሽ ጥላዬ ጋቢውን ገልጦ በክርኑ ቀና ሲል ጩኸቱ ቀጥ አለ። አንዲት አሮጊት አማተቡ። የጋሽ ከድር ሚስት እትዬ ራህመት ከቤት ወጣች፤ አየችውና እንጨቱ ላይ ተደፋች።

«ራህመት፣ ቆሜ መምጣት አልቻልኩም» አላት።

«መጣህለት! መጣህለት፣ ጥላዬ! ትናንት ሲተኛ እኮ ‹ነገ ደግሞ አሸንፈዋለሁ› እያለ ነበር።»

በመስጊዱ ባዶ ቃሬዛ ጎን አስቀመጥነው። ጀናዛው ሲወጣ «አንሱኝ» አለ። አነሳነው። እጁን ዘርግቶ የተሸፈነበትን ጨርቅ ነካ። «ያጭበረበርከኝን ሁሉ ይቅር ብዬሃለሁ፣ ከድር» አለና ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ። እኔ ከወደቀ ጀምሮ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሰዎች በየተራ እየመጡ እጁን ያዙት፤ እነዚያው ቅዳሜ ቅዳሜ ብርቱካን ይዘው የሚመጡት ሰዎች ናቸው። አንዱም «እግዜር ይማርህ» አላለውም። «እግዜር ያጽናህ» ነው ያሉት። ያን ጊዜ ነው ጋሽ ወልዴን ምን ሲለው እንደነበር የገባኝ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ነፃ ማውጣታችንን ሰረዝነው። ጋሽ ወልዴ ራሱ ነው ያነሳው። ከዚያ ወዲያ የእድሩ ቃሬዛ ለቅሶ በተሰማ ቁጥር መጀመሪያ የሚመጣው ጋሽ ጥላዬ ቤት ሆነ። «ማኪናዬን አስነሱ» ይላል። በየመታጠፊያው በአፉ ክላክስ እያደረገ ሕፃናቱን ከመንገድ ያስነሳል። እኛ እናጉረመርማለን፤ እኔማ ትከሻዬ እስከ ዛሬ ክረምት ሲገባ ያመኛል። ሰርግ ሲጠራ ግን በቃሬዛው መሄድ እምቢ ይል ነበር። «ሙሽራ አላስደነግጥም፣ ቁራሽ ላኩልኝ» ይላል። ድንኳን መትከል ባይችልም ሌላው ሰው ሥራ ጠርቶት ከለቅሶ ቤት ሲወጣ እሱ ይቀመጥ ነበር። ያ ዘመን ከግንባር መርዶ የሚመጣበት ዘመን ነው። ልጃቸውን ያጡ እናቶች አጠገብ ቀኑን ሙሉ ይውላል፤ አጽናኝ ቃል ሲናገር አልሰማሁም። አንዷ እናት ግን «ከሁላችሁም እሱን ተዉልኝ፤ እሱ አይቸኩልም» ስትል ሰምቻለሁ።

ደርግ ሊወድቅ ትንሽ ሲቀረው፣ ክረምት ላይ፣ ኩላሊቱ ታመመና ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ሁሉም ብድር አለበት፤ እሱ ያልደረሰበት ቤት አልነበረማ። እትዬ ራህመት ከነልጆቿ ዳገቱን በጭቃው ወጥታ ከሁሉም ቀድማ ደረሰች።

ሳጥኑን በዚያው ቃሬዛ ላይ አድርገን ተሸከምን። እኔ በፊት፣ የድሮው አብዮት ጥበቃ በጎኔ፣ እነዚያ ሁለት ጎረምሶች፣ አሁን የልጆች አባት ሆነዋል፣ በኋላ። ጋሽ ወልዴ አርጅቶ በከዘራ ይከተላል። ዝናቡ ያካፋል፤ መንገዱ ያንሸራትታል። ቦኖው ጋ ደረስን።

ድንጋዩ ፊት ቆምን። ማንም ቁሙ አላለንም። አራታችንም እግራችን በራሱ ቆመ፤ ጆሯችንን አቁመን መጠበቅ ያዝን። ከላያችን ምንም አልመጣም። ከኋላ ሰልፉ ይጋፋል፣ «ምን ሆናችሁ? ምን አጋጠመ?» ይላል። ጎኔ ያለውን ሰውዬ አየሁት፤ እንባው ከዝናቡ ጋር ይወርዳል።

እትዬ አበበች ከሴቶቹ መሀል ወጥታ መጣች። ድንጋዩን አየች፣ እኛን አየች፤ ያን ጊዜ ገባት። ፊቷን በነጠላዋ ጠረገችና እጇን ሳጥኑ ላይ አኖረች።

«ፍሬን» አለች፣ ድምፅዋ እየተሰበረ። «ቀኝ ዝቅ። ግራ ከፍ። እንደሱ... በሉ አሁን አንደኛ ማርሽ አስገቡ፣ ልጆች። እሱ ለቅሶ ላይ አርፍዶ አያውቅም።»